ዲዲቲ ከሐዋሳ ተነስቶ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? የሞዴሉን ውጤት አብረን እንየው

ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ የድኅረ ምረቃ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ በቀላሉ የማይበሰብሱ ኦርጋኒክ በካዮች፣ ባጭሩ ፖፕስ የምንላቸው፣ ከተለቀቁበት ቦታ ምን ያህል እንደሚርቁ በሞዴል ማስላት ነው። የጀመርኩት በዲዲቲ ነው። በዚህ አካባቢ ለወባ ለብዙ ዓመታት ተረጭቷል። በሐይቃችን አሳ ላይ የታተሙ ጥናቶችም ክሎሪን ካላቸው ፀረ ተባዮች መካከል ጎልቶ ያገኙት ዲዲቲንና ከእሱ የሚወለደውን ዲዲኢን ነው።

የተጠቀምኩት ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ያወጣውን የማጣሪያ ሞዴል ነው። በኤክሴል ይሠራል፣ በነፃ ይገኛል። የሚጠይቀው ጥቂት ቁጥር ብቻ ነው። የሞለኪውሉን ክብደት፣ ኬሚካሉ በአየርና በውኃ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ስብን በሚወክለው ኦክታኖል በተባለ ፈሳሽና በውኃ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ከዚያም በአየር፣ በውኃና በአፈር ውስጥ ያለውን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ የሚበሰብስበትን ጊዜ፣ ታስገባላችሁ። እሱ ደግሞ ሦስት ነገር ይመልሳል። በአካባቢ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ በቀን፣ የጉዞ ርቀቱን በኪሎ ሜትር፣ ሩቅ አገር ላይ የሚያርፈውን ድርሻ በመቶኛ።

ጥያቄዬ ርቀቱ ላይ ነው። ሞዴሉ በሚያወጣው ሥዕል ላይ ለማነጻጸሪያ የተሰመረው መስመር 5,097 ኪ.ሜ ላይ ነው። ዲዲቲ ከመስመሩ በታች ወደቀ። ግን ዲዲቲ እነዚህን በካዮች የሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ ከተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹ 12 በካዮች አንዱ ነው። አንታርክቲካ ባሉ ፔንግዊኖች ስብ ውስጥ መገኘቱም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ታዲያ ይህን ቁጥር እንዴት ነው ማንበብ ያለብኝ? አማካሪዬ ፊት ከመቅረቤ በፊት የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሚዛን (አዳማ)

እህቴ፣ ሞዴሉ ደህና ነው። ቁጥሩ ግን ብዙ ሰው እንደሚያነበው አይደለም።

ያ ርቀት ዲዲቲ ደርሶ የሚቆምበት ድንበር አይደለም። አየር ውስጥ ያለው መጠን ከመነሻው ወደ 37 በመቶ የሚወርድበት ቦታ ነው። ጉዞው ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ሌላ ያን ያህል ሲሄድ 14 በመቶ ገደማ ይቀራል። በሦስተኛው 5 በመቶ። እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አንድ ቦታ ላይ ድንገት አያልቅም።

እስቲ በእጃችን እናስላው። ሞዴሉ ነፋሱን በሰከንድ 4 ሜትር አድርጎ ይወስዳል። በሰዓት 14.4 ኪ.ሜ፣ በቀን 346 ኪ.ሜ ገደማ ነው። ስምምነቱ አንድ ኬሚካል በአየር ሩቅ ይጓዛል ለማለት ከሚያያቸው መመዘኛዎች አንዱ በአየር ውስጥ ከ2 ቀን የሚበልጥ ግማሽ ዕድሜ ነው። ግማሽ ዕድሜው 2 ቀን የሆነ ነገር አማካይ ዕድሜው 2.9 ቀን ይሆናል። 2ን ለ0.693 አካፍዪው። በ346 ስታባዢው 1,000 ኪ.ሜ ያህል ይወጣል። በስምምነቱ ላይ የተጻፈው 2 ቀን በኪሎ ሜትር ሲነገር ይህን ያክላል።

ለዲዲቲ በሠንጠረዦች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የአየር ግማሽ ዕድሜ 170 ሰዓት ነው። በዚሁ ስሌት 3,500 ኪ.ሜ ገደማ ይሰጥሻል። እሱም መንገድ ላይ አንዴም ሳያርፍ ቢበር ነው። ዲዲቲ ግን ያርፋል። ዝናብ ያወርደዋል። አቧራ ላይ ተለጥፎ ይወድቃል። ቅጠልና አፈር ይስቡታል። ስለዚህ የሞዴሉ ርቀት ከ3,500ም ያንሳል። ከ5,097 በታች መውደቁ የሚጠበቅ ነው።

መስመሩ ራሱ ደግሞ ሕግ አይደለም። በካይነታቸው ከተረጋገጠ ጥቂት ማነጻጸሪያ ኬሚካሎች ውጤት ተነስቶ የተሰመረ ነው። አዲስ ኬሚካል ሲመጣ ከእነዚህ ጋር ይመሳሰላል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ያገለግላል። ስምምነቱም በሞዴል ብቻ አይፈርድም። ከምንጩ ርቆ የተለካ ናሙና ካለ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

የፔንግዊኑ ነገርም ከዚህ ጋር አይጣላም። ርቀቱ 1,000 ኪ.ሜ ብቻ ነው እንበል። 10,000 ኪ.ሜ ላይ ከ100,000 ቶን የሚቀረው በግምት 4.5 ቶን ነው። በመቶኛ ስታዪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዓለም ግን ዲዲቲን የረጨው በብዙ መቶ ሺህ ቶን ነው። ከዚያ ኬሚካሉ ስብ ውስጥ ይገባል፣ አሳ የሚበላ እንስሳ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይበዛል።

የአሞራ_ገደል_ልጅ (ሐዋሳ)

ይቅርታ፣ ከስሌቱ ብዙው አልገባኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አሳ አጥማጅ ነው። እኔም አሞራ ገደል፣ የአሳ ገበያው ላይ፣ ነው የምሠራው። ይህ ነገር ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ከእኛ ዘንድ ሄዷል ማለት ነው? ሰፈር ውስጥ እንዲህ የሚያወራ ሰው አለ። መርጨት ከቆመ ስንት ዓመቱ፣ ነፋስ ጠርጎታል ይላሉ።

ሚዛን

ወንድሜ፣ አልሄደም። ይህን በደንብ ልመልስልህ፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ስሌት ሰው እንዲይዝልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

ሩቅ መድረሱና እዚህ መቅረቱ አይጣሉም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። ሐይቅ_ዳር ከጠቀሰቻቸው ውጤቶች ሦስተኛውን ተመልከት። ኬሚካሉ ከተለቀቀበት ክልል ወጥቶ ሌላ ክልል መሬትና ውኃ ላይ የሚያርፈው ድርሻ ነው። ለዚህም የማነጻጸሪያ መስመር አለው። 2.248 በመቶ። አስበው። በጣም ተጓዥ የሚባለውን ከሌላው የሚለየው መስመር የተሰመረው 2 በመቶ አካባቢ ነው። ከተለቀቀው 100 ኪሎ 2 ኪሎ ከሩብ ሩቅ አገር ካረፈ በካይነታቸው ከተረጋገጠው ጋር ይመሳሰላል ይባላል። የቀረውስ? ከፊሉ አየር ላይ እያለ ይበሰብሳል። ሌላው ደግሞ እዚያው ለተለቀቀበት አገር አፈርና ውኃ ይቀራል።

ይህ በናሙናም ታይቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ከዓለም ዙሪያ ከ90 ቦታዎች የዛፍ ቅርፊት ሰብስቦ ለካ። ሄክሳክሎሮቤንዚን የተባለው በቀላሉ የሚተነው ኬሚካል ስርጭቱ ከኬክሮስ ጋር ሄደ። ሞቃቱን አገር ለቅቆ ወደ ቀዝቃዛው ተጉዟል። ብዙም የማይተኑት ደግሞ፣ እንደ ኢንዶሰልፋን ያሉት፣ ከተረጩበት አካባቢ እምብዛም አልራቁም።

በሐዋሳ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው፣ ከላዩ የሚወጣ ግን የለም። ውኃው ይተናል፤ ዲዲቲ ግን ከውኃው ይልቅ ደለልና ስብ ይመርጣል። ሞዴሉ በውስጡ የያዘው ዓለም ሰፊ ውቅያኖስ ያለበት አማካይ ምድር ነው። የእኛን ዝግ ሐይቅ አያውቀውም።

እናት_ዓለም (ሐዋሳ፣ ሞኖፖል)

እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ቡና ሲቆላ ሽታው ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል፣ ቡናው ግን ምጣዱ ላይ ነው። ተሳሳትኩ?

ሚዛን

አልተሳሳቱም እትዬ። እንዲያውም ከእኔ ባጠረ ቃል ነው የገለጹት።

የድሮ_ረጪ (ሐዋሳ)

ልጆቼ፣ እኔ በወጣትነቴ በወባ ርጭት ሥራ ላይ ነበርኩ። ስለምታወሩት ሞዴል የማውቀው የለም። ስለ አረጫጨቱ ግን ልንገራችሁ፤ ለስሌታችሁ ይጠቅም ይሆናል።

ዲዲቲው የሚመጣው ዱቄት ሆኖ ነው። 75 በመቶ ይባላል። በውኃ እንበጠብጠዋለን። የሚረጨው ሜዳ ላይ አይደለም፣ የቤት ግድግዳ ላይ ነው፣ ከውስጥ በኩል። ልኩ በካሬ ሜትር እስከ 2 ግራም ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ትንኟ ደም ጠጥታ ስታርፍ ይይዛታል።

አሁን ይህን አስተውሉ። በሲዳማ የድሮ ቤት ከብቱ የሚያድረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳውን ይልሳል፣ ይታከከዋል። በዓል ሲደርስ ቤቱ ይለሰናል። አሮጌው ልስን ይፋቃል፣ ጓሮ ይጣላል፣ እንሰቱ ሥር። ስለዚህ አየር ነው ወይስ አፈር ላይ ነው የሚለቀቀው ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ነው እላለሁ። መጀመሪያ ግድግዳ፣ ቀጥሎ የቤት አየር፣ ከዚያ ጓሮ።

ከመጋዘን እየወጣ ለእርሻ፣ በተለይ ለጫት፣ የዋለም ነበር። ይህ በየቦታው ሲነገር የኖረ ነው። ጆንያው ታጥቦ እህል የተያዘበት ቤትም አይቻለሁ። ያኔ ማንም አልነገረንም፣ እኛም ለሕዝቡ አልነገርንም። ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

ሐይቅ_ዳር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የትም ጽሑፍ ላይ አላገኘሁትም። ሞዴሉ ወደ አየር፣ ወደ ውኃና ወደ አፈር ቢለቀቅ ብሎ ሦስቱን ለየብቻ ያሰላና ትልቁን ነው የሚያወጣው። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ሦስቱንም ለያይቼ ማሳየት አለብኝ። አፈር ላይ ሲለቀቅ የሚርቀው ድርሻ በጣም ይቀንሳል፣ የሚቆይበት ጊዜ ግን ይረዝማል።

ታቦር_ሥር (ሐዋሳ)

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልናገር። ዲዲቲን ሰይጣን አድርገን ባናወራው ደስ ይለኛል። እናቴ ወባ በየክረምቱ ማግሥት እንዴት ሰው ይጨርስ እንደነበር ትነግረን ነበር። ርጭቱ የስንቱን ልጅ ነፍስ አትርፏል። አሁን ቁጭ ብለን መርዝ ነበር ስንል የእነዚያን ሰዎች ልፋት እንዳናቃልል እፈራለሁ።

ሚዛን

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ስምምነቱም ይህን ያውቃል። ዲዲቲን ሙሉ በሙሉ ከሚከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመቆጣጠር ብቻ እንዲፈቀድ በተገደቡት ሥር ነው ያስቀመጠው። ፖል ሙለር በ1948 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው በዚሁ የዲዲቲ ሥራው ነው።

እኛ አገር ለቤት ርጭት መጠቀም የቀረው በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ዋናው ምክንያት ትንኞቹ ስለተላመዱት ነው። ለወባ መዋሉና ለጫት መዋሉ ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሕይወት አትርፏል። ሁለተኛው ለማንም አልጠቀመም፣ ጋሼ እንዳሉት ግን አፈር ውስጥ ገብቷል። ዛሬ የት እንዳለ ማስላት የትናንቱን ሠራተኛ መክሰስ አይደለም።

ታቦር_ሥር

በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። ቀጥሉ።

ሐይቅ_ዳር

ሌላ ጥያቄ። ለአፈር ግማሽ ዕድሜ ሁለት በጣም የሚራራቁ ቁጥሮች አሉኝ። አንዱ ሞቃት አገር እርሻ ላይ የተለካ ነው፣ ጥቂት ወራት ብቻ ይላል። ሌላው ለሞዴል ከሚያገለግሉ ሠንጠረዦች ነው፣ 17,000 ሰዓት፣ ወደ 2 ዓመት። የመጀመሪያው ለአየር ንብረታችን ይቀርባል ብዬ አሰብኩ። የቱን ላስገባ?

ጥቁር_አፈር (አዳማ)

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፤ የአፈር ሰው ነኝ።

እርሻ ላይ የተለካው የሚነግርሽ ዲዲቲው ከአፈሩ ስንት ጊዜ ውስጥ እንደጠፋ ነው። መጥፋት ግን ብዙ መንገድ አለው። በተህዋስያን ይበሰብሳል። በፀሐይ ይተናል። በጎርፍ ይታጠባል። ሞቃት አገር ላይ ቶሎ የሚጠፋው በአብዛኛው ስለሚተን ነው። የተነነው ደግሞ አልሞተም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ።

ሞዴልሽ የሚፈልገው መበስበሱን ብቻ ነው። ትነቱን እሱ ራሱ ያሰላዋል። የእርሻውን ቁጥር ካስገባሽ ትነቱን ሁለት ጊዜ ትቆጥሪዋለሽ፣ አንዴ አንቺ፣ አንዴ ሞዴሉ። በዚያ ላይ ተኖ የሄደውን ዲዲቲ እንደበሰበሰ አድርገሽ ትመዘግቢዋለሽ። ውጤቱ ቆይታውንም ርቀቱንም ያሳንስብሻል። እንዲህ ተሰልቶ "እኛ አገር ሙቀት ስላለ ቶሎ ያልቃል" ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ያንን የሚያነብ ባለሥልጣን ነገሩ አልቋል ብሎ ፋይሉን ይዘጋል።

ስለዚህ 17,000ውን ያዢ። ከዚያ በ3 እያካፈልሽና በ3 እያባዛሽ ደጋግመሽ አስሊው። የሚወጣው ርቀት ብዙም ካልተነቃነቀ አፈሩ ላይ አትድከሚ። እኔ የምጠረጥረው ርቀቱን የሚወስነው የአየር ግማሽ ዕድሜ እንደሆነ ነው፣ ቆይታውን የሚወስነው ደግሞ አፈሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲዲቲ በሰበሰ ስንል ብዙ ጊዜ ወደ ዲዲኢ ተቀየረ ማለታችን ነው። ዲዲኢ ደግሞ ከእናቱ የባሰ ቆዪ ነው። ሞዴሉ አንድ ኬሚካል ብቻ ነው የሚይዘው። ዲዲቲ ሲቀየር ከሂሳቡ ያወጣዋል። ስለዚህ ዲዲኢን ለብቻው አስኪጂው። አሳው ውስጥ የምታገኚው በአብዛኛው እሱን ነው። አየር በሌለበት ደለል ውስጥ ደግሞ ዲዲቲው ዲዲዲ ወደሚባል ሌላ ውላጅ ይቀየራል።

ሐይቅ_ዳር

ይህን ነው የፈለግኩት! ዲዲቲው ከዲዲኢና ከዲዲዲ ድምር ከበለጠ አዲስ የተረጨ ነው የሚባለውስ?

ጥቁር_አፈር

እንደ ፍንጭ ያገለግላል። ያረጀ ከሆነ ዲዲኢው ይበዛል። ግን በእሱ ብቻ አትፍረጂ። ዲኮፎል የሚባለው፣ ቀይ ሸረሪት የሚሉትን ጥቃቅን የሰብል ተባይ የሚገድለው መድኃኒት ውስጥም ዲዲቲ በቆሻሻነት ይገኛል። ኦርቶ-ፓራ የሚባለውን የዲዲቲ ዓይነትም አስለኪ። ለንግድ በሚመረተው ዲዲቲ ውስጥ እሱ 15 በመቶ ገደማ ነው፣ ፓራ-ፓራ የሚባለው ዋናው ዓይነት 77 በመቶ። ከዚያ በጣም ከፍ ካለ ምንጩ ዲኮፎል ሊሆን ይችላል።

ሳነቴ (ጎባ)

እኔ ከባሌ በኩል ነኝ። በቀዝቃዛ ተራራ ላይ እነዚህ ኬሚካሎች ይጠመዳሉ የሚባል ነገር አንብቤ ነበር። ከስምጥ ሸለቆው የሚነሳው ወደ እኛ ተራራ ይወጣል ማለት ነው? እዚህ ወባ የለም፣ ተረጭቶም አያውቅም። ከብቶቻችን ግን ውጭ ነው የሚግጡት።

ሚዛን

ጥያቄህ በጣም ጥሩ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ኬሚካሉ ተን ሆኖ መቆየት ያቅተዋል። ለዲዲቲ ዓይነት ኬሚካል ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲወርድ የመትነን ግፊቱ በ10 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። የባሌው ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ነው። በየሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ብንቀንስ ልዩነቱ 15 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ ተኖ የመጣው እናንተ ጋ ሲደርስ ወደ አፈርና ሣር የሚወርድበት ዕድል ይጨምራል። በካናዳ ሮኪ ተራሮች ላይ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንዳንዶቹ ኬሚካሎች በረዶ ውስጥ ከፍታው ሲጨምር እንደሚበዙ አሳይቷል።

ለእናንተ ተራራ ግን ይህ ገና መላምት ነው። ወደ ሰሜን ዋልታ በሚጠጋ አገር ግን ታይቷል። በ1980ዎቹ በካናዳ ሰሜን ኩቤክ የኢኑዊት እናቶች ጡት ወተት ውስጥ ፒሲቢ የተባለው የኢንዱስትሪ ኬሚካል መጠን ከደቡብ ኩቤክ እናቶች 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ፒሲቢ የሚሠራበት ፋብሪካ አጠገባቸው የለም። የሚበሉት የባሕር እንስሳ ስብ ነው ያመጣባቸው። ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ዋኒያና ዶን ማካይ በ1990ዎቹ ሞዴሎቻቸውን ያዳበሩት ይህን ዓይነቱን ነገር ለማስረዳት ነው። ኬሚካሉ በሙቀት ይነሳል፣ በብርድ ያርፋል፣ ሲሞቅ እንደገና ይነሳል። በአንድ ዝላይ አይደለም የሚደርሰው።

ሐይቅ_ዳር፣ ላንቺ ደግሞ ሁለት ምክር አለኝ። "ከሐዋሳ የተነሳው አየር የት ሄደ" ለሚለው የኦኢሲዲው ሞዴል መልስ የለውም፣ አቅጣጫ አያውቅምና። ለዚያ ሃይስፕሊትን ተጠቀሚ። ኖአ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ነው። ቀኑንና ቦታውን ስትሰጪው የአየሩን መንገድ ይሥልልሻል። በበጋና በክረምት ነፋሳችን አቅጣጫ ስለሚቀይር ወራቱን ለያዪ። የሐይቁን ጉዳይ ደግሞ ክዋሲ በሚባለው ሞዴል ሥሪው። ማካይና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ለአንድ ሐይቅ የተሠራ፣ ውኃን፣ አየርንና ደለልን የሚያገናኝ። ሐይቃችን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጥልቀቱ በአማካይ 11 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ውኃው 1 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሚወጣውን ወንዝ ዜሮ አድርጊው። ያኔ ዲዲቲው በየት በኩል ሊወጣ እንደሚችል ታያለሽ። ወይ ይተናል፣ ወይ ደለል ውስጥ ይቀበራል፣ ወይ ይበሰብሳል። አራተኛ በር የለውም። ከአሳ ጋር ተጠምዶ የሚወጣውን ካልቆጠርን።

የአሞራ_ገደል_ልጅ

እንግዲህ ያ የመጨረሻው የእኛ ነገር ነው። ግልጹን ንገሩኝ። አሳውን እንብላ አንብላ? ደንበኛ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?

ሚዛን

ወንድሜ፣ ምን ያህል ይበላ ለሚለው መልስ የሚሰጠው የተለካ አሳ ነው፣ ሞዴል አይደለም። ሞዴል አይቼ ብላ ወይም ተው ብልህ አታምነኝ።

የማውቀውን ልንገርህ። ዲዲቲ ስብ ውስጥ ነው የሚኖረው። ትልቅ፣ ያረጀና ሌላ አሳ የሚበላ አሳ ከትንሹ ይበልጥ ይይዛል። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ነው የሚበላው፣ የሥጋውም ስብ ትንሽ ነው። አምባዛና ቢልጫ ሌላ አሳም ይበላሉ። ስቡን፣ ቆዳውንና ሆድ ዕቃውን ማውጣት መጠኑን ይቀንሳል። እርጉዝና የምታጠባ እናት፣ ትንሽ ልጅም፣ ቆሮሶውን ቢመርጡ ይሻላል። አሳ ራሱ ለልጅ ጥሩ ምግብ ነው። ሰው በወሬ ፈርቶ እንዲተወው አልፈልግም። የእናንተም እንጀራ ነው።

የምፈልገው ሐይቁ በየጊዜው እንዲለካና ውጤቱ አሞራ ገደል ላይ በአማርኛና በሲዳምኛ እንዲለጠፍ ነው። እስካሁን የተለካው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ቀርቷል። አሳውን የሚያጠምደው ሰው ግን አላየውም።

የአሞራ_ገደል_ልጅ

እንዲህ ብታስረዱን ማን ይጠላል። ለናሙና አሳ ከተፈለገ እኔ አለሁ። ከየትኛው የሐይቁ ክፍል እንደተጠመደ ጭምር ጽፌ እሰጣለሁ። ጥቁር ውኃ መግቢያው አካባቢ የሚያጠምዱ ልጆችንም አውቃለሁ።

ሐይቅ_ዳር

ወንድሜ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥናቴን እንዲህ ቀይሬዋለሁ። የኦኢሲዲው ሞዴል ይቀጥላል፣ ግን ዲዲቲንም ዲዲኢንም፣ በሦስቱም አለቃቀቅ ለየብቻ አስኬዳለሁ። ርቀቱን ለማወዳደር ብቻ ነው የምጠቀምበት። ክዋሲን ለሐይቁ እጨምራለሁ።

ሳነቴ ባነሳው ላይ ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ20 በላይ አገሮች ቅቤ ሰብስቦ እነዚህን ኬሚካሎች ለክቷል። ሣሩ ከአየር ይይዛል፣ ላሟ ሣሩን ትበላለች፣ ቅቤው ያጠራቅመዋል። ውድ የአየር መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም። ባሌ ድረስ ሳልሄድ ከሁላና ከአርቤጎና ቅቤ ባመጣስ? ደጋ ነው፣ ለወባ አይረጭም ነበር። ከሐይቁ ዙሪያ ቅቤ ጋር አወዳድረዋለሁ። ከደጋው የሚገኘው ከአየር የመጣ ነው ማለት እችላለሁ?

የድሮ_ረጪ

ልጄ፣ ደጋው ለወባ አለመረጨቱ እውነት ነው። ከዚህ ዙሪያ የምትወስጂው ቅቤ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ከብቱ ቤት ውስጥ የሚያድር ከሆነ ከአየር ሳይሆን ከግድግዳው ነው የሚያገኘው። ቤቱ ስንት ዓመት እንደሆነው ጠይቂ። አዲስ ቤት ከሆነ ያልተረጨ ነው።

ጥቁር_አፈር

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ደጋውም ላይ ድንች የሚረጭ ገበሬ አለ። በየቤቱ የሚጠቀሙትን መድኃኒት ስም መዝግቢ፣ ጠርሙሱን ፎቶ አንሺ። ሁላ ከሐዋሳ በ1,000 ሜትር ገደማ ነው የሚበልጠው። በሙቀት ልዩነቱ ብቻ የመትነን ግፊቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይወርዳል። ከዚያ ያነሰ ልዩነት ካገኘሽ ብዙ አትተርጉሚበት።

እናት_ዓለም

ቅቤውን ከገበያ እንዳትገዢ። ነጋዴዋ የሦስት የአራት ቤት ቅቤ ቀላቅላ ነው የምትሸጠው፣ የበሰለውና ለጋው ሳይቀር። ከዘይት የሚቀላቅልም አለ። እናጪዋ ቤት ድረስ ሂጂ፣ ከአንድ ላም የወጣ ለጋ ቅቤ ውሰጂ። እኔ አርቤጎና ዘመድ አለኝ፣ ከብቶቻቸው ውጭ ነው የሚውሉት። በፌስታል ግን አትያዢው።

ጥቁር_አፈር

ትክክል ነዎት እትዬ። ፕላስቲክ ናሙናውን ያበላሻል። በፎይል ጠቅልለሽ፣ ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ አድርገሽ በረዶ ቤት አስቀምጪው። የላሟን ዕድሜና ስንት ጊዜ እንደወለደችም ጻፊ። ላም በወተቷ ነው ይህን ነገር የምታወጣው። በመጀመሪያ ወሊዷና በአራተኛዋ የሚገኘው መጠን እኩል አይሆንም።

ሐይቅ_ዳር

እትዬ፣ የዘመድዎን ስልክ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። ከክረምቱ በፊት መሄድ አለብኝ፤ መንገዱ ሲጨቀይ መኪና አይገባም ይባላል። የብርጭቆ ዕቃ አዋሳ ገበያ አይቻለሁ፣ ክዳኑ ግን ፕላስቲክ ነው። ከፎይል በታች ቢሆን ችግር አለው?

ጥቁር_አፈር

ፎይሉ በክዳኑና በቅቤው መካከል ይሁን፣ ሁለት ድርብ አድርጊው። ፎይሉን አስቀድመሽ በአሴቶን እጠቢ። አንድ ባዶ ዕቃም እንዲሁ አዘጋጅተሽ ከናሙናዎቹ ጋር ይዘሽ ሂጂ፣ ይዘሽ ተመለሺ፣ አብረሽ አስለኪው። ባዶው ውስጥ ዲዲቲ ከተገኘ ከቅቤው አይደለም።